የደበቀው ሲሞት ማን ያወጣዋል?

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት እዚያ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል፤ በዚያው ወልድያ ይደርሳል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ እየጠረጉ ያመጡት ደለል ያነጠፈው፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት፣ ድሮ በከብቱ ዛሬ ደግሞ በሩዙ ስሙ የሚነሣ ለም አገር ነው። ነገር ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ መደበቂያ የለውም። ሜዳው ላይ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይታያል። ገደል የለም፣ ዋሻ የለም።

በሰላም ጊዜ ይህ ጉድለት ትዝ አይልም። ፎገራ ግን የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የጦር መንገድም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያናወጠው የኢማም አሕመድና የዐፄዎቹ ጦርነት የተቋጨው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከሜዳው በስተሰሜን እንፍራንዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከወረታ ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ደብረ ታቦር ሲቀመጡ ሠራዊታቸውን የቀለበው የበጌምድር ገበሬ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ ወደ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ወረደ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ደግሞ ከፎገራ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቁልቋል በር ምሽግ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ተሰበረ።

ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው በየትውልዱ አንድ ጥያቄ ሲገጥመው ኖሯል። ጦር ሲመጣ የከበረውን ነገር የት እናድርሰው? ከብት ይነዳል፤ እህል ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል። ታቦቱስ? ብራናውስ? የብር መስቀሉስ?

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ይመስላል። አላለፈም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ የሆነውን ያየ ሰው፣ ዛሬም በየደብሩ የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙ አባቶች ሌሊት ምን እያሰቡ እንደሚያድሩ መገመት አያቅተውም።

መደበቅ ጨዋታ ሲሆን

በሌላው ዓለም መደበቅና መፈለግ ትልቅ ጨዋታ ሆኗል። ስሙ ጂኦካሺንግ ይባላል። አነሣሡን ማወቁ የራሳችንን ጉዳይ ለማየት ይጠቅማል።

የአሜሪካ መንግሥት ሲቪሉ ሰው በሚጠቀምበት የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጨምርበት ነበር። የተራ ሰው መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር ማለት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ያ ስሕተት ተነሣ፤ መሣሪያው በአንድ ሌሊት በጥቂት ሜትር ልዩነት ቦታ የሚጠቁም ሆነ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ የኦሪገን ሰው በጥቁር ባልዲ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ የቆርቆሮ ባቄላና ሌላም ጥቃቅን ዕቃ ጨምሮ ጫካ ውስጥ በከፊል ቀበረና የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ለሁሉም አሰራጨ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት።

ሕጉ ቀላል ነው። ያገኘ ሰው አንድ ነገር ይወስዳል፣ አንድ ነገር ይተካል፣ እዚያ ባለው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ መልሶ እንደነበረ ይደብቃል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ የተደበቁ ዕቃዎች አሉ።

ከባዶቹ በዋሻና ሥራ ባቆሙ የማዕድን ዋሻዎች ውስጥ ያሉት ናቸው። ለእያንዳንዱ ቦታ ከ1 እስከ 5 የክብደት ደረጃ ይሰጠዋል፤ 5 ከሆነ ገመድና ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። በአሮጌ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ድጋፉ የበሰበሰ ጣሪያ አለ፤ ንጹሕ አየር የማይደርስበት ጥግ አለ። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት አንድ ምክር አላቸው። የት እንደገባህ ውጭ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ዋሻ አትግባ። አንተ ብትቀር የሚፈልግህ ከየት መጀመር እንዳለበት ማወቅ አለበት።

የጨዋታውን መሠረት ልብ በሉ። ቦታው ለሁሉም ይነገራል፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ግን ደርሰው እስኪከፍቱት ላይታወቅ ይችላል። ይህም ጉዳት የለውም፤ የቆርቆሮ ባቄላ ቢጠፋ ማንም አያለቅስም።

እዚህ አገር የተደበቀው ግን የቆርቆሮ ባቄላ አልነበረም። ደብተርም አልነበረውም። መዝገቡ የሰው ጭንቅላት ብቻ ነበር።

ጣና፦ ውኃ የከበበው ዕቃ ቤት

ሜዳው መደበቂያ ቢያጣም ከምዕራቡ ጣና፣ ከምሥራቁ ተራራው አለ። የፎገራ ሰው፣ የደራ ሰው፣ የሊቦ ሰው፣ ከዚያም አልፎ የጎንደር ካህን ክፉ ቀን ሲመጣ ዓይኑን የሚያሳርፈው ሐይቁ ላይ ነበር። ፈረሰኛ ሐይቅ አይሻገርም፤ የደንገል ታንኳና ውኃውን የሚያውቅ ቀዛፊ ያስፈልጋል። የጣና ደሴቶች የሩቅ አገር ንዋያተ ቅድሳት ሳይቀር መሸሸጊያ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ለፎገራ ቀረብ ያለችው ጣና ቂርቆስ ናት። በገዳሟ ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያረፈችው እዚያ ነው። ትውፊቱን እንደ ታሪክ የማይቀበል ሰው እንኳ አንድ ነገር ይረዳል። በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ እጅግ የከበረ ነገር የሚቀመጠው ሰው እንደ ልቡ በማይደርስበት ደሴት ላይ ነው። ወደ ሐይቁ መሐል ሲገባ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አጽም እዚያ እንዳለ ገዳሙ ያሳያል። ነገሥታቱ እንኳ ሞተው የሚያርፉበትን ሲመርጡ፣ ወይም ሲመረጥላቸው፣ ውኃ የከበበው ቦታ ተመረጠ ማለት ነው።

በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሣር ውኃ ላይ ድል ሲሆኑ የደርቡሽ ጦር ጎንደር ገባ። አብዛኞቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ግድግዳ ከነሥዕሉ ይቃጠላል፤ ተሸክመው የሸሹት ዕቃ ግን ሊተርፍ ይችላል። ዛሬ በየገዳሙ ከሚታየው አሮጌ ብራና ብዙው የኖረው አንድ ቀን ሌሊት አንድ ሰው በጀርባው ስላዘለው ነው። የዚያ ሰው ስም የትም አልተጻፈም።

አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሰው የሚደብቀው ከሌላ ሃይማኖት ጦር ብቻ አልነበረም። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋያት ያራቆቱት ክርስቲያኑ ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ቄሰ ገበዙ የመጣው ጦር የማን እንደሆነ አያማርጥም፤ ጠመንጃ ያዘለ ሲያይ ዕቃ ቤቱን ያስባል።

መቅደላ፦ ሁሉን አንድ ቦታ የማኖር ዋጋ

ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍቱን የወሰዱት ሊያጠፏቸው አልነበረም። መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያንጹና ለእሱ የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ሊያደራጁ ነበር። ወደ 1,000 የሚጠጋ የብራና መጽሐፍ ተሰበሰበ። ሐሳቡ የዘመናዊ ንጉሥ ሐሳብ ነው፤ በየደብሩ የተበተነውን አንድ ቦታ ሰብስቦ ማኖር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ወታደር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግምጃ ቤቱን ዘረፈው። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተጠራ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስም ገንዘብ ይዞ ገዛ። 350 ያህል ብራና ለንደን ገባ። በየጎንደሩ ደብር ተበትኖ ለብዙ ዘመን የኖረው ሀብት አንድ ተራራ ላይ በተሰበሰበ በጥቂት ወራት ውስጥ በአንድ ቀን እጅ ገባ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ይመስላል፤ መበተን ይሻላል፣ መደበቅ ይሻላል። ብዙ አባቶች እስከ ዛሬ የሚያስቡት ይህንኑ ነው። በከፊልም ልክ ናቸው። ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም።

ዘረት፦ ዋሻ የሚከዳበት ቀን

ከጣና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባል ቦታ አለ። ሰዉ አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ከነሱም ጋር ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት የጣሊያን ጦር ሲከታተላቸው ወደዚያ ዋሻ ገቡ። ዋሻው ሰፊ ነው፤ እህልና ከብት ሳይቀር ይይዛል። አገሬው ከጥንት ጀምሮ በክፉ ቀን የሚያምነው ዓይነት ቦታ ነው።

ጠላት ግን ቦታውን አውቆት ነበር። የዋሻ ደኅንነቱ አለመታወቁ ላይ ነው፤ ከታወቀ ወጥመድ ነው፤ ምክንያቱም አፉ ጠባብ ነው። ጣሊያኖች የመርዝ ጋዝ አስገቡበት፤ መውጫውን በመትረየስ ዘጉት። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት ብዙዎቹ ተረሸኑ። የሟቾቹን ቁጥር አጥኚዎች ከ800 እስከ 1,500 በላይ ያደርሱታል።

ቀጥሎ የሆነው ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ነው። የዘረት እልቂት በአካባቢው ሰው ዘንድ ይታወቅ ነበር፤ ከዚያ አልፎ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት አልተሰማም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማቴዎ ዶሚንዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ታሪክ ጸሐፊ የጣሊያን ጦር ያስቀመጠውን ሰነድ አገኘና ቦታው ድረስ መጥቶ አየው። ከእሱ በኋላ ስፔናውያንና ኢትዮጵያዊ አርኪዮሎጂስቶች ዋሻውን አጠኑ። የሰው አጽም፣ የሸክላ ስባሪ፣ ቅርጫት፣ የእህል መያዣ፣ ሰዎቹ ጥለውት የሞቱትን የዕለት ኑሮ ዕቃ ሁሉ አገኙ።

አበው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ገዳዩ ወረቀት ነበረው። የሞተው ወገን የነበረው ትዝታ ብቻ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ዓለም የሰማው የገዳዩ ወረቀት ስለተነበበ ነው።

ኤድንብራ፦ በቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳው

ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት ብዙ ናቸው። 11ዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸዋል። ሌላ አንድ ታቦት ግን ከሙዚየም ውጭ ነበር። መቅደላ የዘመተ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ለኤድንብራ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶት፣ ተቀባዮቹ ምንነቱን ሳያውቁ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። ከ130 ዓመት በላይ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚያ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጆን ማክላኪ አገኙትና ምን እንደሆነ ለዩት። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ደስታ ነው፤ ደስታም ነው። ግን ሌላ ገጽም አለው። ያ ታቦት በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በማንም አልተደበቀም። ቁልፍ አልነበረበትም፤ ጠባቂ አልቆመበትም። የጠፋው ማንም ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ብቻ ነው። አለማወቅ ከዋሻ ይልቅ አጥብቆ ይደብቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ዋሻ እንመለስ። አንድ አባት በጦርነት ጊዜ አሥር ብራና ተሸክሞ ገደል ውስጥ ያለ ፍልፍል አስገባ፤ አፉን በድንጋይ ደፈነ እንበል። ቦታውን ለአንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነገረ። አባትየው አረፈ። ደቀ መዝሙሩ ወደ ከተማ ሄደ፣ ወይም በወረርሽኝ ሞተ፣ ወይም ተሰደደ። ብራናዎቹ ያሉበት ሁኔታ ከኤድንብራው ቁም ሣጥን በምን ይለያል? በአንድ ነገር ይለያል። ቁም ሣጥኑ ደረቅ ነበር። ዋሻ ግን ውኃ ያንጠባጥባል፤ ምስጥ አለ፣ አይጥ አለ፣ የሌሊት ወፍ አለ። ብራና ቆዳ ነው።

ከመቅደላ ያተረፈው ብልሃት፣ ማለት መበተኑና መደበቁ፣ በሌላ በኩል አንድ ሰው ትንፋሽ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መስቀል የሚነግረን

ይህ አገር የተደበቀ ነገር መገኘቱን በየዓመቱ ደመራ ደምሮ ያከብራል። በቤተ ክርስቲያን ትረካ መስቀሉ ቆሻሻ ተጥሎበት ተራራ ካከለ ቦታ ሥር ለ300 ዓመት ተቀብሮ ኖረ። ንግሥት እሌኒ ስትመጣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በኋላ ኪራኮስ የተባለ አንድ አረጋዊ ከሦስቱ ኮረብቶች ወደ አንዱ እንደሚሆን ነገራት፤ የቀረውን የዕጣኑ ጢስ አመለከተ።

ሕዝቡ ጢሱን ያስታውሳል። አረጋዊውን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያ ሽማግሌ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢሞት ኖሮ ንግሥቲቱ ከየት ትጀምር ነበር?

መዝገብና ፍርሃት

መፍትሔው «መመዝገብ ነው» ማለት ቀላል ነው። ሕጉም አለ። ዴቭ አልመር ባልዲውን በቀበረበት በዚያው በ1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ን አወጣች። አዋጁ ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል።

ግን ብዙ ገዳማት ለመዝጋቢ በር መክፈት ይፈራሉ። ይህን ፍርሃት ድንቁርና ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ምክንያት አላቸው። ዝርዝር ማለት ለሌባ ካርታ ማለት ሊሆን ይችላል። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀውን የአፍሮ አይገባ መስቀል ማን ያላወቀው ነበር? ጎብኚ ሁሉ የሚያየው፣ ፎቶው በዓለም የተሰራጨ መስቀል ነበር። መታወቁ ከመሰረቅ አላዳነውም።

ይሁን እንጂ የዚያ መስቀል ታሪክ ሁለተኛ ክፍል አለው። መስቀሉ አንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ላሊበላ ተመለሰ። ሊመለስ የቻለው ያው ስለሚታወቅ ነው። ፎቶው በየመጽሐፉ ስላለ ማንም ገዢ «የሌላ ነው» ሊል አይችልም። ዝና ለሌባ ያጋልጣል፤ ያው ዝና የተሰረቀውን ያስመልሳል።

የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከትግራይ የተዘረፉ ናቸው የተባሉ ብራናዎች በኢንተርኔት የሽያጭ ገጾች ላይ በርካሽ ዋጋ ሲቸበቸቡ እንደነበር ተዘግቧል። «ይህ የኛ ነው» ለማለት የሚፈልግ ደብር ምን ያቀርባል? ፎቶ ከሌለው፣ የገጹ ብዛት ካልተጻፈ፣ መጨረሻው ላይ ያለው የጸሐፊው ስም ካልተቀዳ፣ ሻጩ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ሲል የሚመልስለት ቃል የለውም።

ጨዋታውን መገልበጥ

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ይታያል። ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ «ምን አለ?» እና «የት አለ?» የሚሉ። እኛ ሁለቱን እንደ አንድ ምስጢር ይዘናቸው ኖረናል። ወይ ሁለቱንም እንደብቃለን፣ ወይ ሁለቱንም እንገልጣለን። ስንደብቅ ይረሳል፤ ስንገልጥ ይሰረቃል።

ጂኦካሺንግ «የት አለ?» የሚለውን ለዓለም ገልጦ «ምን አለ?» የሚለውን ይተወዋል። ለኛ የሚበጀው የዚህ ግልባጭ ነው። ምን እንዳለ ዓለም ይወቀው፤ የት እንዳለ ጥቂት ሰው ይወቀው። ጥቂት ማለት ግን አንድ ማለት አይደለም።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ደሴቶች የሚገኙ ብራናዎችን በፊልም አንሥቶ ኋላ ዝርዝራቸውን አሳትሟል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት በየገዳሙ እየዞረ ወደ 9,000 የሚደርስ መጽሐፍ ቀዳ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በሚኒሶታ ያንን ፊልም እያነበቡ፣ እየዘረዘሩ ጨረሱት። ብራናው ቢቃጠል እንኳ ቃሉ አለ። ቢሰረቅ ማስረጃው አለ። ፊልሙ ግን የመጽሐፉን መደበቂያ አያሳይም።

ዛሬ ይህን ለማድረግ ከጀርመን ሰው መምጣት የለበትም። በየደብሩ ስልክ የያዘ ዲያቆን አለ። የመጽሐፉን ሽፋን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ፣ ሥዕሉን፣ «ይህ መጽሐፍ የእገሌ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ማንሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቅጂው ደብሩ፣ ሀገረ ስብከቱና አንድ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይቀራሉ። በወሎ መሳጂድ ላለው የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍም፣ በየቤቱ ሣጥን ለተቀመጠው የርስት ወረቀትም መንገዱ ያው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን አብሮ ሊጽፍ ይችላል። ባለቤቱ ሳያውቀው ከፎቶው ጋር የዋሻው ቁጥር ይሄዳል፤ ያ ቁጥር የሚያደርሰው ደግሞ በጥቂት ሜትር ልዩነት ነው። ቦታ መመዝገቢያውን ሳያጠፉ የዕቃ ቤት ፎቶ ማንሣት፣ ይባስም ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ፣ ቁልፉን ከበሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። «ጣሊያን የቀበረው ወርቅ አለ» በሚል ወሬ ብቻ ሌሊት የሚቆፍር ሰው ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ቦታውን በተመለከተ ደግሞ ሦስት ሰው ይወቀው። ቄሰ ገበዙ፣ ከሽማግሌዎቹ አንድ፣ ከወጣቶቹ አንድ። አንዱ ሲሞት ወይም አገር ሲለቅ የቀሩት ሌላ ይተኩ። የዕቃው ሁኔታም በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፤ የዘነበበት ካለ ይውጣ፣ ምስጥ የነካው ካለ ይለይ። ዋሻ የሚገቡ ሰዎች «የት እንደገባህ ውጭ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይኑር» የሚሉት ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለዕቃም ይሠራል።

«ሦስት ሰው ያወቀው ምስጢር ምስጢር ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከሦስቱ አንዱ ሊከዳ ይችላል። ግን ዕቃው ምን እንደሆነ በሦስት ቦታ ከነፎቶው ተመዝግቦ ካለ፣ የከዳው ሰው የሚሸጠው ዕቃ የትም ቢሄድ የሚታወቅ ዕቃ ነው። ዛሬ ባለው አሠራር ግን አንዱ ሰው ቢከዳ የሚያውቅበት የለም፤ ቢሞት ደግሞ የሚያወጣው የለም።

ከወረታ ወደ ጣና የሚያየው ሜዳ እንደ ድሮው ክፍት ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ ሲጎድሉ ሩዝ ይበቅላል። ደሴቶቹም ተራሮቹም በቦታቸው አሉ። በየፍልፍሉና በየዕቃ ቤቱ ጥግ የተቀመጠውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ዋሻ አፍ እንጂ አንደበት የለውም፤ እነሱ ያልነገሩትን አይናገርም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ደብር፣ እያንዳንዱ መስጊድ፣ አሮጌ ሣጥን ያለው እያንዳንዱ ቤተሰብ ዛሬ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። የከበረው ነገራችን ያለበትን ቦታ የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? መልሱ «ሁሉም» ከሆነ አደጋ ነው። መልሱ «አንድ ሰው» ከሆነ፣ ያ ሰው ስንት ዓመቱ ነው?